ሁለተኛው የሆዴ ኦፕራሲዮን ነገር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሚጡ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ ዓለም? እንዴት ነሽ፣ በጣም እንዴት ነሽ፣ ደግሜ ደጋግሜ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ያ የሚንቋቋው? ደም ግፊትሽስ ወረደልሽ ወይስ አሁንም ባልሽ ቴሌቪዥኑን ከፍ ባደረገ ቁጥር አብሮት ከፍ ይላል? እሱስ ሳሉ ተወው? ልጅሽስ? የልጅ ልጆችሽስ፣ ጥርስ እያበቀሉ ነው፣ ጥርስ እየጣሉ ነው፣ የቱ ላይ ደረሱ? እንቅልፍሽስ? ወገብሽስ? ሁሉንም በየተራ መልሺልኝ፣ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በአንድ ቃል እንዳትዘጊብኝ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ በብዛት ነኝ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ቆይ ትደርሺበታለሽ።

በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ሞከርኩ መሰለሽ። ግን እናንተ ቤት ስልክ ማለት እንደ ሬዲዮ ነው፣ አንዱ ያነሳዋል፣ ቤቱ ሙሉ ያዳምጠዋል። እኔ ገና «ሚጡ ጉድ ሆንኩልሽ» ከማለቴ ባልሽ ከወዲያ «ምን ሆነች?» ይላል፣ ልጅሽ ደሞ «እማዬ ከፍ አድርጊው፣ አይሰማም» ትላለች። ስለዚህ እስክሪብቶ አነሳሁ። ትምህርቴን ታውቂዋለሽ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ጥዬው ነው የወጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የደንበኛ ወገብና የእጅጌ ርዝመት ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ነጥብ ያጣሽበት ቦታ ራስሽ ቆም ብለሽ ተንፍሺ። ደብዳቤውን ለብቻሽ አንብቢው። መጨረሻ ላይ ሰላምታ አለ፣ እሱን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

እንግዲህ ልናዘዝ። እናንተ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶዬ አለ አይደል? ያ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ አንገቴ እንደ ሰው አንገት ብቅ ብሎ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ የቆምኩበት? ያቺ ሴትዮ የለችም ሚጡ። ሄዳለች። ከስድስት ዓመት በፊት ጨጓራዬን በኦፕራሲዮን ሲቆርጡልኝ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ወረደልኝ ብዬሽ አልነበር? ሠላሳ አንዱ ተመልሷል። መንገዱን ማንም ሳያሳየው አንድ በአንድ ደረጃውን ወጥቶ፣ በሩን ከፍቶ ገባ። ሰባቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ እነሱም ጓዛቸውን እየሸከፉ ነው።

በስልክ እየተያየን ስናወራ ከቅንድቤ በላይ ብቻ የምታዪኝ ለዚህ ነው። «ካሜራሽ ምን ሆኗል፣ ግንባርሽን ብቻ ነው የማየው» ስትዪኝ «ተበላሽቷል» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ካሜራው ደህና ነው። ጉንጬን ነበር የደበቅኩብሽ። ኋላ ደሞ ግንባሬም ወፈረ መሰለኝና እሱንም ትቼ በድምፅ ብቻ መደወል ጀመርኩ። አንቺም «ወጪ ለመቀነስ ነው» ብለሽ አልጠየቅሽኝም።

እንዴት ተመለሰ ትዪ ይሆናል። እኔም እላለሁ። ያን ጊዜ ሐኪሞቹ አብዛኛውን ጨጓራዬን ቆርጠው ጥለው የሙዝ ያህል ነው ያስቀሩልኝ። አንድ እንቁላል ሲገባ በቃኝ ይል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ወፍ ለቅሜ ኖርኩ። ከዚያ የልጅ ልጄ ሥራ አገኘችና ሌላ ከተማ ሄደች። ትምህርቷን እስክትጨርስ እኔ ጋ እንደነበረች ታውቂያለሽ፤ ፀጉር ማድረቂያዋ ሲጮህ፣ ጫማዋን ስታጣ፣ ስልኳ ላይ ስትስቅ ቤቱ ገበያ ነበር። እሷ ስትሄድ ቤቱ ዝም አለ። ቤት ዝም ሲል ፍሪጁ ይሰማል ሚጡ። ያ ፍሪጅ ግርር ሲል «ምን ፈለግሽ?» የሚለኝ ይመስለኛል፣ ተነስቼ እከፍተዋለሁ። ከፍቼው ደሞ ባዶ እጄን መዝጋት ያሳፍረኛል።

ሥጋና ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ይቆሙብኛል። ለስላሳውን ግን የሚያስቆመው የለም። ብስኩት በሻይ ነክሮ፣ ወተት በስኳር፣ አይስክሬም፤ ይሄ ሁሉ ጨጓራዬ ሳያውቅ ነው የሚያልፈው። ሰሃኔን ብታዪው ምንም የለበትም፣ የታመመች ሴት ሰሃን ነው የሚመስለው። ግን ትንሽ ትንሹ ከጠዋት እስከ ማታ አያባራም። እንደምታውቂው የስፌት ሱቁን ብዘጋም ቤቴ ሆኜ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። እንግዲህ የመስፊያ መኪናዬ ላይ ስቀመጥ አንድ ብስኩት፣ ክር ሲበጠስ አንድ ብስኩት፣ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተኝ ለመጽናኛ አንድ ብስኩት፣ ሲገባልኝ ደሞ ለደስታ አንድ ብስኩት።

የኔን ጥጋብ ደሞ ስሚ። የከሳሁ ጊዜ ቀሚሶቼን በሙሉ አጠበብኳቸው። አርባ ዓመት ሙሉ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች «ልብስ ስታጠብቡ የተረፈውን ጨርቅ እንዳትቆርጡ፣ ከውስጥ አጥፋችሁ ተዉት፣ ሰው ይከሳል ይወፍራል» እያልኩ አናታቸውን ያዞርኩ ሴትዮ፣ የራሴን ትርፍ በመቀስ ከርክሜ ጣልኩት። አልመለስም ብዬ ነዋ! አሁን የሚለቀቅ ጨርቅ የለኝም። ሁለት ቀሚስ እፈታና አንድ ቀሚስ እሠራለሁ፣ ግማሹ አበባ፣ ግማሹ መስመር። ደንበኞቼ «አዲስ ፋሽን ነው እንዴ?» ይሉኛል። «አዎ፣ ገና እናንተ ጋ አልደረሰም» እላቸዋለሁ።

በዚህ እስቃለሁ፣ በደረጃው ግን አልስቅም። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሃምሳ አራት ደረጃ ነው። በየፎቁ ቆሜ ቦርሳዬን እከፍትና ቁልፍ የምፈልግ እመስላለሁ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ባዶ ቦታ እያለ ሰው ቆሞ ሲሄድ አያለሁ። ጉልበቴ ያንቺን ሊቀድመው ነው። ስኳሬም ተመልሶ መጣ። ሐኪሜ ውጤቱን አይቶ መነጽሩን አወለቀና «እማማ፣ ይሄ ነገር ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሊመልስዎት ነው» አለኝ።

ቀዶ ሐኪሙ የድሮው አይደለም፣ አዲስ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ የልብስ ሰፊ ጣቶች ናቸው፤ ወደድኩት። ወረቀት አወጣና ጨጓራዬን ሳለልኝ። «ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይቻላል እማማ» አለኝ፤ «የቀረውን ጨጓራ ከፍለን ከታች ካለው አንጀት ጋር እናገናኘዋለን። ግን እንደ መጀመሪያው አይቀልም። አንዴ የተቆረጠ ቦታ ጠባሳ አለው፣ የተጣበቀ ነገር አለው፣ ሊደማ ይችላል፣ ስፌቱም ሊያፈስ ይችላል።» እኔም «ይገባኛል ልጄ፣ አንዴ የተሰፋ ጨርቅ ተፈትቶ እንደገና ሲሰፋ መርፌው የድሮውን ቀዳዳ ነው የሚፈልገው፣ ከዚያ ይተረተራል» አልኩት። ሳቀና «ይሄንን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ» አለ። ኮራሁ። ሊቀደኝ ካለ ሰው ጋር ተቀምጬ ኮራሁልሽ።

ከዚያ ሁለት ነገር አዘዘኝ። አንደኛው፣ የምግብ ባለሙያዋ ጋ ሄጄ አሥራ አራት ቀን የምበላውን በደብተር እንድመዘግብ። ሁለተኛው፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አሥራ አምስት ቀን እቤቴ አብሮኝ የሚያድር ሰው ይዤ እንድመጣ፤ ያለዚያ ሆዴን አይቀዱም፣ ሕጋቸው ነው። «ማን አለ እቤትዎ?» ሲለኝ «ሰው ሞልቷል» አልኩት። ማን እንደሞላው እኔም አላውቅም።

ደብተሩ አራት ቦታ የተሠመረ ነው። በስንት ሰዓት በሉ፣ ምን በሉ፣ ምን ያህል በሉ፣ ከማን ጋር በሉ። ሦስቱን እንደ ፈተና ጎበዝ ተማሪ ሞላኋቸው። አራተኛው ላይ እርሳሴ ቆመ። የመጀመሪያውን ቀን ባዶውን ተውኩት። በሁለተኛው ቀን «ብቻዬን» ብዬ ጻፍኩና ሳየው ደስ አላለኝም፤ ያቺ ለጋዋ የምግብ ባለሙያ አንብባ ከንፈሯን ስትመጥልኝ ታየኝና በላጲስ አጠፋሁት። ከዚያ፣ ይቅር በዪኝ፣ «ከእህቴ ጋር» ብዬ ጻፍኩ።

ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም ሚጡ። ስበላ አንቺን ነው የማወራው። «ይሄ ድንች ጨው አነሰው አይደል?» እልሻለሁ። «ነይ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል፣ ድገሚ» እልሻለሁ። አንቺ ዝም ስትዪ ያንቺንም እኔው እበላዋለሁ። አንዴ ከጻፍኩት በኋላማ ለመድኩት። ቁርስ ከእህቴ ጋር፣ ምሳ ከእህቴ ጋር፣ አሥር ሰዓት ላይ አምስት ብስኩት ከእህቴ ጋር። ምግቡን ግን አልዋሸሁም፤ የበላሁትን በሙሉ አንድም ሳልደብቅ ነው የጻፍኩት። ስህተቴ እሱ ላይ መሰለኝ፣ ከዋሹ አይቀር አስተካክሎ መዋሸት ነበረብኝ።

ቀጠሮዬ ደረሰና ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። የምግብ ባለሙያዋ የልጅ ልጄ እኩያ ናት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች፣ እስክሪብቶዋን የምትነክስ። ገለጠች፣ ገለጠች፣ ፊቷ እየተለወጠ መጣ። «እማማ፣ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ብስኩት ነው። ከእህትዎ ጋር ሲሆን አራት ይሆናል፣ አምስት ይሆናል። ይዩት እስቲ፣ ማክሰኞ ከእህትዎ ጋር ሁለት ሰሃን፣ ረቡዕ ከእህትዎ ጋር ሁለት ሰሃን። ችግሩ ጨጓራዎ አይመስለኝም፣ እህትዎ ናቸው» አለችኝ።

ሞትኩልሽ ሚጡ! ስምሽን በሰው አገር አጠፋሁት። «ኧረ እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም» ብዬ ልከላከልልሽ ሞከርኩ። «ክፉ ናቸው አላልኩም፤ እየወደዱዎት ነው የሚጎዱዎት» አለችና እስክሪብቶዋን ነክሳ አሰበች። ቀጥላም «እንዲያውም ጥሩ ነው፣ አብረዎት የሚኖሩ ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚያስታምሙዎትም እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ይዘዋቸው ይምጡ፣ ለሁለታችሁም ባንድ ላይ እነግራችኋለሁ» ብላ ፋይሌ ላይ ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። «አብራቸው የምትኖር እህት አለች» ይላል። «የለችም» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ምላሴን ታውቂያታለሽ፣ ማንንም አታስቀድምም፤ ያን ቀን ግን ጠፋችብኝ። እውነቱን ልንገርሽ? በወረቀት ላይ ተጽፎ ሳየው ደስ አለኝ። በሐኪም ቤት ማኅተም እህት አለችኝ።

ቤት ስገባ ደስታው ጠፋና ጭንቁ መጣ። ሐሙስ ማንን ነው ይዤ የምሄደው? ከሥሬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለድመቷ የምላት ጎረቤት አለችኝ። ሰባ ዓመቷ ነው፣ እንደኔው ብቻዋን ናት፤ ድመቷን «አንቺ ምስጋና ቢስ!» እያለች ስትጮህባት እኔ የተሰደብኩ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ወርጄ አንኳኳሁና ነገሩን ነገርኳት። ትቆጣለች ስል ዓይኗ በራ። «እህትሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ። «ስልሳ አንድ» ስላት «እንኳን ታናሽ አደረገኝ» ብላ ሐሙስ ዕለት ሊፕስቲክ ተቀብታ መጣች። መንገድ ላይ «ብዙ አታውሪ፣ የሚሉሽን ሁሉ እሺ በይ» ብዬ መከርኳት። «እኔ እንኳ ወሬ አልወድም» አለችኝ። እዚያ እስክንደርስ አፏን አልከደነችም።

ገባን፣ ተቀመጥን። ልጅቷ ደብተሬን ዘርግታ ባለድመቷን በትሕትና ትወቅሳት ጀመር። «ሁለተኛውን ሰሃን እርስዎ ነዎት የሚያቀርቡት?» «እሺ» አለች ባለድመቷ። «ከዛሬ ጀምሮ አያቅርቡ።» «እሺ።» «ብስኩቱስ? ማታ ማታ አይስክሬሙስ? በስኳር በሽታ ላይ ይሄን ሁሉ እንዴት ይገዙላቸዋል? እህት እንዲህ ያደርጋል?» ባለድመቷ ቀላች። ሊፕስቲኩና ፊቷ አንድ ሆነ። ብድግ አለችና «ስሚኝ ልጄ!» አለች፤ «እኔ ለዚች ሴትዮ አንድ ብስኩት ገዝቼላት አላውቅም! ዘጠኝ ዓመት እሷ ከላይ እኔ ከታች ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አብሬያት ምሳ በልቼ አላውቅም! ጠርታኝ አታውቅም፣ ጠርቻትም አላውቅም!»

ባለድመቷ ያለችውን ራሷ ሰማችውና ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔ ወለሉን አያለሁ። ልጅቷ «ታዲያ እህትዎ የት ነው ያሉት?» አለችኝ። «ሁለት አውሮፕላንና አንድ አውቶቡስ ማዶ» አልኳት። «መጨረሻ አብራችሁ የበላችሁት መቼ ነው?» ስትለኝ «አሥራ አንድ ዓመት ሆነው» አልኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጣችም። ፋይሉን ስባ ያቺን መስመር ሠረዘቻት። ይገርምሻል ሚጡ፣ ጨጓራዬን ከቆረጡኝ ቀን ይልቅ ያቺ መስመር ስትሠረዝ አመመኝ።

ከዚያ ወደ ቀዶ ሐኪሙ አስገቡኝ። ቀደም ብለው ኖራ የሚመስል ነጭ ነገር አጠጥተው ራጅ አንስተውኝ ነበር፤ ውጤቱን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። «ጨጓራዎ ትንሽ ተለጥጧል እንጂ ያን ያህል አልተበላሸም። ስኳሩን ለጊዜው በመድኃኒትና በአመጋገብ ልንይዘው እንችላለን። ከፈለጉ ኦፕራሲዮኑን አደርግልዎታለሁ፣ ይረዳዎታል፣ አደጋውንም ነግሬዎታለሁ። ለምን እንደፈለጉት ብቻ ይንገሩኝ» አለ። ጉልበቴን፣ ደረጃውን፣ ስኳሬን ቆጠርኩለት። ጻፈና «ሌላስ?» አለኝ። «ሌላ የለም» አልኩት። አስቤበት እንድደውል አንድ ሳምንት ሰጠኝ።

አውቶቡስ ላይ ከባለድመቷ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሊፕስቲኳን በመሐረብ ጠርጋለች። ድንገት «ቢቀዱሽ እኔ መጥቼ አድርልሻለሁ፣ አሥራ አምስቱንም ቀን። ድመቷን ይዤ ነው ግን» አለችኝ። አንገቷ ላይ ልጠመጠምባት ምንም አልቀረኝ። «ባይቀዱኝስ?» አልኳት። ዞራ አየችኝና «ባይቀዱሽማ ምን ልሁን ብዬ ነው ሰው ቤት የማድረው?» አለች። ክፋት የለባትም፣ እውነቷን ነው። ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም አንድ ቀን ያለምክንያት በሯን አንኳኩቼ አላውቅም።

ያን ሰሞን መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን አስታወስኩ። ሰው ሁሉ «እንዴት ቻልሽው፣ ምን ያህል አመመሽ?» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አሥራ አምስት ቀን የደላኝ ጊዜ የለም። የልጅ ልጄ ሾርባውን በማንኪያ እየነፋች ታጎርሰኛለች። ልጄ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ሶፋ ላይ ይተኛል፣ እግሩ ከሶፋው ተርፎ ወለል ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ደሞ ያንን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንቺ ጠዋት ማታ ትደውያለሽ፣ «አፍሽን ክፈቺ፣ እምቢ ካልሽ እመጣልሻለሁ» እያልሽ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ በሩ አይዘጋም። ከዚያ ዳንኩ። ስድን ሁሉም ወደየሥራው ሄደ፤ አልፈርድባቸውም፣ ምን ያድርጉ? እኔም «ሂዱ ደህና ነኝ» ብዬ በሳቅ ነው የሸኘኋቸው። ከስቼ ስለነበር ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሼ ነው በር ላይ የቆምኩት።

ሐኪሙ «ሌላስ?» ሲለኝ ማለት የነበረብኝ ይሄን ነው። አሥራ አምስት ቀን ሰው እቤቴ እንዲያድር ብዬ ነው ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ብዬ ነው ሆዴን ለቢላ ላቀርብ የተነሳሁት ሚጡ። ጉልበቴም እውነት ነው፣ ስኳሬም እውነት ነው። ግን በልቤ የቆጠርኩት ኪሎውን አልነበረም፣ ማን ማን እንደሚመጣ ነበር። ልጄ ፈቃድ ያገኝ ይሆን፣ የልጅ ልጄ ትመጣ ይሆን፣ አንቺ አሁን እንኳ ትመጪ ይሆን እያልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ደወልኩና ለጸሐፊዋ «አሁን አልቀደድም» አልኳት። «ፈርተው ነው እማማ?» አለችኝ። «ፍርሃቱስ ነበር፣ እሱ አይደለም ያስቀረኝ» አልኳት። ሐኪሙ አልተቀየመኝም፤ መድኃኒቴን ጨምሮልኛል፣ ከስድስት ወር በኋላ አይቶኝ ስኳሩ እምቢ ካለ እንደገና እንነጋገራለን ብሏል። ያኔ የሚያስቆርጥ ከሆነ እቆረጣለሁ፣ ለሆዴ ስል ግን ነው። ልጅቷም በየሐሙሱ ነይ ብላኛለች፣ አዲስ ደብተር ሰጥታኛለች። «ከማን ጋር» የሚለው ላይ «ብቻዬን» ብዬ መጻፍ ጀምሬያለሁ። አላጠፋሁትም። አራት ቀን ሙሉ «ብቻዬን፣ ብቻዬን» ይላል፣ ሳየው ያስጠላል፣ ግን እንደዚያ ነው። እሑድ ብቻ ባለድመቷን ጠራኋት። መጣች፣ ሾርባዬን ቀመሰችና «ይሄን እየበላሽ እንዴት ወፈርሽ?» አለችኝ። ሳቅን። ወዲያው ድመቷ ጮኸችና ወረደች፣ ግማሽ ሰዓትም አልቆየች። ይሁን፣ ግማሽ ሰዓትም ሰዓት ነው።

አሁን ላንቺ ያለኝን ልበልና ልጨርስ። ለአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን «ነይ» ብዬሽ አላውቅም። «ሥራ አለሽ፣ ባል አለሽ፣ ልጆች አሉሽ» እያልኩ ስልኩን እዘጋና ከዚያ ራሴን እወቅሳለሁ። ብቆረጥ እንደምትመጪ አውቃለሁ። ሆዷን ቀደዷት ቢሉሽ ጫማሽን ገልብጠሽ አድርገሽ ትመጪ ነበር። እኔ ግን አልጋ ላይ ሆኜ አይደለም ልቀበልሽ የምፈልገው። ወፍራም ነኝ፣ ደረጃውን አልወርድልሽም፣ በሩን ግን ራሴ እከፍትልሻለሁ። ስታዪኝ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የዘበዘብኩት። ሁለት ሳምንት ካልሆነ አንድ ሳምንት፣ አንድ ሳምንት ካልሆነ የቻልሽውን። ካልቻልሽም ሳትሸፋፍኚ «አልችልም» በዪኝ፣ አልሞትም። ከቻልሽ ግን ሳልቆረጥ ነይልኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ለወንድሜ ለባልሽ፣ ሳሉ እንዲተወው እየተመኘሁ፣ ቴሌቪዥኑን ቀነስ አድርግ ብላሃለች በዪልኝ። ለልጅሽ፣ የኔ ቆንጆ፣ የላከችልኝ ሻርፕ ሲሞቀኝ እሷን አመሰግናለሁ፣ ሲበላኝ ደሞ እሷን እረግማለሁ በያት። ለባሏም ሰላምታዬ ይድረሰው፣ አሁንም እንደዚያ ዝምተኛ ከሆነ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይቀበለኝ። ለትልቁ የልጅ ልጅሽ፣ በትምህርቱ እንዲበረታ፤ ለመንትዮቹ በየጉንጫቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፣ እንዳይጣሉ እኩል አድርጊው። ለቀኝ ጎረቤትሽ ለመምህርቷም ሰላም በዪልኝ፣ ለግራዋ ግን ተዪው፣ እሷ ታውቃለች። ለጉዞው ስትነሺ ሁሉም ከበው «እህትሽ ምን ሆና ነው?» ይሉሻል። ምንም አልሆነችም በያቸው። ምንም ሳትሆን ነው ነይ የተባልኩት በያቸው።

ናፋቂሽ ታላቅ እህትሽ
እታለም

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስፊያ መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ
ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን